የተከፈተ ጆንያ ወደ ረጋጩ ይመለሳል

ቡሬ ገበያ ዐሥራ አንድ ዓመት በርበሬ ረግጫለሁ። ረጋጭ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው። የደረቀ በርበሬ ጆንያ ሞልቶ ሲያዩት ብዙ ይመስላል እንጂ ግማሹ ነፋስ ነው። የጭነት መኪና ደግሞ ነፋስ ሊጭን ከአዲስ አበባ ድረስ አይመጣም። ስለዚህ ሰው ጆንያው ውስጥ ይገባና በእግሩ ይረግጠዋል። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ያስራል፣ ግድግዳ ይይዛል፣ ይረግጣል። በርበሬው ሲሰምጥ ይጨመርለታል፤ እንደገና ይረግጣል። ሦስት ጆንያ የነበረው አንድ ይሆናል። ዓይኔ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቀይ ነው። ጠጪ የምመስላቸው አሉ፤ ልምሰላቸው።

ረገጣ የጠዋት ሥራ ነው። ጤዛ ያገኘው በርበሬ እንደ ቆዳ ይለዝባል፤ ሲረግጡት ይተኛል እንጂ አይሰበርም። ፀሐይ ከመታው በኋላ የረገጠ ሰው የሚጭነው በርበሬ ሳይሆን ፍርፋሪ ነው። መኪናው ግን የሚመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ስለዚህ ገዢው ሳይታወቅ፣ መኪናው ሳይደርስ፣ ጆንያው ተረግጦ፣ አፉ ተሰፍቶ፣ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ መጠበቅ አለበት። መኪና ከመጣ በኋላ ረገጣ የሚጀምር ነጋዴ የገበያ መሳቂያ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሌላም ሕግ አለ። ገዢ መጥቶ «ውስጡን አሳየኝ» ሲል ነጋዴው ጆንያውን ይፈታል፣ ይዘረግፋል፣ የማይረባውን ለቅሞ በሌላ ይተካል። ያ ጆንያ እንዲሁ ተሰፍቶ ወደ ቦታው አይመለስም። ወደ ረጋጩ ይመለሳል። ረጋጩ እንደገና ይረግጠውና በቀይ ክር ይሰፋዋል። ቀይ ክር ያየ ሰው ሁሉ ይህ ጆንያ ተከፍቶ ነበር፣ ውስጡ ተለውጧል ብሎ ያውቃል። እኔ የረገጥሁላቸው ነጋዴ ሐጂ ነበሩ። «የተከፈተ ጆንያ ወደ ረጋጩ!» ብለው ሲጮሁ ከመስጊዱ በር ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ የገዛ ልጃቸው ይህን ሳያደርግ ቢሰፋ ጆንያውን ገበያ መሀል አስፈትተው እንደገና አስረገጡት። ልጁን ራሱን።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ኮምፒውተር ልናገር ነው። የሚስቅ ሰው አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ።

ማንበብ የተማርሁት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ ፈርሜ ነበር። «የምስክርነት ነው» አለኝ የአጎቴ ልጅ፤ ቀለሙንም ራሱ አቀረበልኝ፤ ጣቴንም ራሱ ጠረገልኝ። ወረቀቱ የአባቴን ማሳ እኩሌታ በፈቃዴ እንደለቀቅሁለት የሚል ነበር። ይህን ያወቅሁት በሬውን ጠምዶ ማሳዬ ላይ ሳገኘው ነው። ስለዚህ እኔ እውቀት ወድጄ አልተማርሁም። ተናድጄ ነው። ሰው ተናዶም ይማራል፤ እንዲያውም ቶሎ ይገባዋል።

ቡሬን ትቼ ፍኖተ ሰላም የገባሁት የአንድ ቤተ መጻሕፍት በር ጠባቂ ሆኜ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ እትዬ እላቸዋለሁ። በዕድሜ ያንሱኛል፤ ግን ምሳቸውን በልተው ሲጨርሱ በሩ ሥር ከእኔ ጋር ተቀምጠው በጠመኔ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ለዚያ አንቱታ ያንሳቸዋል እንጂ አይበዛባቸውም።

በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ሰርቨር ይሉታል። ጣሪያው ላይ ትንሽ አንቴና አለችው። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን የከፈተ ሰው የተማሪ መጽሐፍ፣ የጎልማሶች ፊደል ማስቆጠሪያ፣ የምዝገባና የፈተና ማስታወቂያ ከዚያ ማሽን ያገኛል። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ያገኛል። ኢንተርኔት እኛ አገር እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲሄድም አይሰናበትም። ያ ማሽን ግን የቤት ልጅ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑን የሚያስነሣ ሰው ያስፈልጋል። ባለሙያው የሚመጣው ከባሕር ዳር በዐሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ዲግሪ ያለው፣ ጫማው አቧራ የማይወድ ጎልማሳ ነው። መንገዱ ሲሰለቸው ፓስወርዱን ለእኔ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ይችን ይጻፉ፣ ከዚያ ይችን ይጫኑ። ሌላ ምንም እንዳይነኩ» አለኝ። ለጥበቃ የቤቱን ቁልፍ ሰጥቶ ጓዳውን እንዳታይ ማለት ምን ማለት ነው? አየሁ። የፈረንጁን ፊደል የማዳበሪያ ጆንያ ላይ እያየሁ ለምጄው ነበር፤ ትርጉሙ ባይገባኝም ቅርጹን አልስትም። ያየሁትን ትእዛዝ ሁሉ በደብተሬ ገለበጥሁ፤ ምን እንደሚሠራም ባለሙያው በመጣ ቁጥር አንድ አንድ እያልሁ ጠየቅሁት። ሲሰለቸው ይመልሳል። ሰው ሲሰለቸው እውነቱን ይናገራል።

ፈተና ሲቃረብ ግቢው ይሞላል። ያኔ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ገጹ ግን አይመጣም። ተማሪው ስልኩን ሽቅብ ይዞ ዛፍ ለዛፍ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ አንድ ቀን መጥቶ ይህን አየ።

«ይሄማ ቆርቆሮ ነው» አለ። «ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይመጣል። ወደ መጋዘን ይገባል።»

«ምትክ ይመጣል?» አሉ እትዬ።

«በጀት ሲገኝ።»

በጀት ሲገኝ ይመጣል የተባለው የቤተ መጻሕፍቱ በር እጀታ እንኳ እስከ ዛሬ በገመድ ነው።

ያ ማሽን መጋዘን ቢገባ የከተማ ተማሪ መጽሐፉን ከሌላ ቦታ ያገኛል። የገጠሩ ጎልማሳ ግን የት ያገኛል? ከማንኩሳ፣ ከየቀበሌው፣ የገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወጡ ግቢያችን ገብተው ለሳምንት የሚሆናቸውን ትምህርት በስልካቸው ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። አስተማሪ የላቸውም፤ ማሽኑ ነው አስተማሪያቸው። እሱ ከተነሣ ወደ አውራ ጣት ነው የሚመለሱት። አውራ ጣት ምን እንደሚያስከፍል ለእኔ የሚነግረኝ የለም።

ባለሙያው በመጣ ጊዜ አስቀምጬ ጠየቅሁት።

«ምን እየሠራ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ገጹን እየጨመቀ ነው፣ ጋሼ። ገጹ ሰፊ ነው፣ የአንቴናው መንገድ ጠባብ። ጨምቆ ይልካል፤ ስልኩ ዘርግቶ ያሳያል።»

«እሺ፣ ለአንዱ ጨምቆ ላከ። ሌላው ሰው ያንኑ ገጽ ሲጠይቅስ?»

«እንደገና ይጨምቃል።»

«ያንኑ ገጽ?»

«ያንኑ።»

«መቶ ሰው ቢጠይቅ?»

«መቶ ጊዜ ነዋ!»

«ይሄ ማሽን ነው እብዱ ወይስ እንዲህ ሥራ ብሎ ያዘዘው?»

ሳቀ። ያዘዘው እሱ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የቡሬን ነገር ነገርሁት። መኪና ሳይመጣ ነው የሚረገጠው አልሁት። አንዴ ተረግጦ ይቀመጣል፤ የመጣ ሁሉ አንሥቶ ይሄዳል።

«አለ እኮ እንደሱ» አለ፣ ጢሙን እያሻሸ። «ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን የተጨመቀ ግልባጩን ማስቀመጥ ይቻላል። ሰርቨሩ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። ከዚያ ሰው ሲጠይቅ የተጨመቀው አለ ወይ ብሎ ያያል፤ ካለ እሱኑ አንሥቶ ይሰጣል። ምንም አይለፋም።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«ማን ተቀምጦ ይሠራዋል? ፋይሉ ብዙ ነው። ደግሞ ሊጣል ነው እኮ።»

«እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንቱ በሩን ይጠብቁ እንጂ፣ ጋሼ።»

«በር የሚጠበቀው ውስጡ ዕቃ ሲኖር ነው» አልሁት። «መስመሯን ጻፍልኝ።»

ጻፈልኝ። እንድሄድለት ብሎ ነው የጻፈው። ትእዛዟን እንደ ዳዊት ደገምኋት። አንድ ሙሉ ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ አንዱን ፎልደር ጨርሼ ወደ ሌላው እያልሁ ረገጥሁት። ረገጥሁት ነው የምል። የሒሳብ መጽሐፉ ከነበረበት ሩቡን እንኳ ሳይሆን ቀረ። ታሪኩም እንዲሁ። ሥዕሎቹን ብረግጥ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ አንዳንዱ ጭራሽ ጨመረ። ባለሙያው በስልክ «ሥዕል ገና ሲሠራ ተጨምቆ ነው የሚመጣ» አለኝ። ገባኝ። የተረገጠን ጆንያ ደግሞ የረገጠ ጉልበቱን ነው የሚሰብር። ሥዕሎቹን ተውኋቸው። ልቅ የሆነውንም፣ ማለት ያልተረገጠውን ገጽ አልጣልሁም፤ የተጨመቀ መፍታት የማይችል ስልክ ቢመጣ የሚሰጠው ይኑር ብዬ ከጎኑ ተውሁት።

ከዚያ በኋላ ግቢው ሲሞላ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥሁ። ጩኸት የለም። ተማሪዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሚዞር የለም። እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው «ጠፋ እንዴ ማሽኑ?» አሉኝ።

«አልጠፋም።»

«ታዲያ ምን እየሠራ ነው?»

«ምንም። አንሥቶ ይሰጣል።»

በሕይወቴ ከዚያ ቀን የበለጠ የኮራሁበት ቀን የለም። መኩራቴ ነው ያጠፋኝ።

የጎልማሶች የማጠናቀቂያ ፈተና ሐሙስ ነው ተብሎ ማስታወቂያው ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወደ ማክሰኞ ዞረ የሚል ደብዳቤ መጣ። ባለሙያው በስልክ «ጋሼ፣ አንቱ ያርሙት። ሐሙስን ያጥፉ፣ ማክሰኞ ይጻፉ» አለኝ። በአርባ አንድ ዓመቱ ፊደል የቆጠረ ሰው ለሕዝብ የሚወጣ ጽሑፍ አርም ሲባል ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። እጄን ታጠብሁ። ገጹን ከፈትሁ። ሐሙስን አጠፋሁ፣ ማክሰኞ ብዬ ጻፍሁ። እዚያው ማሽኑ ላይ ከፍቼ አየሁት፤ ማክሰኞ ይላል። እትዬን ጠርቼ አነበብሁላቸው። «እሰይ» አሉኝ። ዘግቼ ወደ በር ጥበቃዬ ሄድሁ።

ማክሰኞ ዕለት የመጣው ተፈታኝ ጥቂት ነበር። ፈሩ ብዬ አሰብሁ። እኔም በጊዜዬ ፈርቼ ነበርና።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ከማንኩሳ ነው የምትመጣ፤ ጌሾ ነጋዴ ናት፤ ልጆቿን አሳድጋ ጨርሳ ነው ደብተር የያዘች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃለች።

«አንተ ቀይ ዓይን! ፈታኙ የት አለ?»

«ፈተናው እኮ ማክሰኞ አለፈ።»

«ምን አልህ?»

«ማክሰኞ ነበር። ማስታወቂያው ላይ እኔው ራሴ ነኝ ያረምሁት።»

ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «በል አንብብልኛ፣ አራሚው! እኔስ ገና ተማሪ ነኝ። ሐ-ሙ-ስ አይልም? ተማንኩሳ ድረስ ጌሾዬን ጥዬ የመጣሁት ያንተን ዓይን ለማየት ነው?»

ሐሙስ ይላል። «የቆየ ነው፣ እንደገና ክፈችው» አልኋት። እዚያው በሩ ላይ ቆማ እንደገና ከፈተችው። ሐሙስ። ወደ ውስጥ ሮጥሁ። ማሽኑ ላይ ማክሰኞ ይላል። ተመልሼ ወጣሁ፤ ስልኳ ላይ ሐሙስ። ውስጥ ማክሰኞ፣ ግቢው ሐሙስ። ደፉ ላይ እንደ ቆምሁ፣ አንድ እግሬ ውስጥ አንዱ ውጭ እንደሆነ፣ ከጭንቅላቴ በፊት እግሬ ያወቀ መሰለኝ። ጆንያውን ከፍቼ፣ ውስጡን ለውጬ፣ ሳልረግጠው ሄጃለሁ። ያረምሁት ልቁን ገጽ ነው። ሰርቨሩ ግን የተረገጠው ካለ እሱን አንሥቶ ስጥ ተብሏል፤ የተረገጠው ደግሞ የቀድሞው ነው። እሱ የታዘዘውን አደረገ። የሐጂን ሕግ ዐሥራ አንድ ዓመት ስሰማ የኖርሁ ሰው፣ ረገጣን ለባለሙያው ያስተማርሁ ሰው፣ ራሴ ረጋጩ፣ ረሳሁት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋት።

«አውቄያለሁ የማን እንደሆነ! የሚክስ ካለ እሱን ንገረኝ።»

ከእሷ ጋር ሰባት ሰዎች ነበሩ ፈተናው ያመለጣቸው። እትዬ በዚያው ዕለት ደብዳቤ ጻፉ፤ እኔም ደብዳቤውን ይዤ ፈታኞቹ ዘንድ ሄድሁ፤ ጥፋቱ የተፈታኞቹ አይደለም፣ የእኔ ነው ብዬ ቆምሁ። ሌላ ቀን ተቆረጠላቸው። አዲሱን ቀን በማሽን አልነገርኋቸውም። ማንኩሳም ሌላውም ቀበሌ ድረስ ሄጄ በአፌ ነገርኋቸው። ሴትዮዋ ጌሾዋን እየመዘነች ሰማችኝና «ይሄንስ ስንት ቀን ያቆየኸው ነው?» አለችኝ።

ባለሙያው በስልክ ጮኸ። «ይኸው! እኔ ሌላ አይንኩ ብያለሁ። የተጨመቁትን በሙሉ ያጥፏቸው፣ እንደ ድሮው ይሁን!»

«ኮሚቴው ሰኞ ነው የሚመጣው። ሰኞ ደግሞ ግቢው ሙሉ ነው። ባጠፋቸው ማሽኑ ፊታቸው ይጮኻል፤ ጭነውት ይሄዳሉ።»

«ይሂድ! ምን ቸገረን?»

«አንተን አይቸግርህም። አላጠፋም።»

«ጋሼ፣ ትእዛዝ ነው እኮ።»

«ሰምቻለሁ። አላጠፋም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። በቡሬ አንድ ረጋጭ ቢረሳ ጆንያው እንደገና ይረገጣል እንጂ ረገጣ ይቅር ያለ ሰው አላየሁም።

ከቀበሌዎቹ እንደተመለስሁ እስከ እሑድ ከማሽኑ ፊት አልተነሣሁም፤ ለበሩ እትዬ ራሳቸው ወንበር አውጥተው ተቀመጡልኝ። ያደረግሁት ቀላል ነው። ሁለት ፎልደር ለየሁ። አንዱን ቤት አልሁት፣ አንዱን ገበያ። ልቁ ገጽ የሚታረመው ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ገበያው ውስጥ ማንም እጁን እንዳያስገባ ቆለፍሁት። ከቤት ወደ ገበያ የሚያደርሰው አንድ መንገድ ነው፤ በደብተሬ የነበሩትን ትእዛዞች አንድ ላይ ቀጥዬ የሠራሁት። ገጹን ያነሣል፣ ይረግጣል፣ ልቁንና የተረገጠውን አብሮ ያደርሳል። ሳይረገጥ የሚያልፍ የለም። ሰው ይረሳል ብዬ ነው እንዲህ ያደረግሁት፤ ሰውየውም እኔ ነኝ። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የተረገጠበትን ቀን በቀይ ፊደል እንዲጽፍ አዘዝሁት። ቀይ ክር ነው። ከማንኩሳ የመጣ ሰው የያዘው የየትኛው ቀን እንደሆነ ማንንም ሳይለምን ይየው። እኔም ከዚያ ወዲህ እርማቴን ማሽኑ ላይ አላይም። ግቢ ወጥቼ፣ ዛፉ ሥር ቆሜ፣ እንደ ሰው በስልክ ነው የማየው።

ሰኞ ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አራተኛ፣ ባለሙያው አምስተኛ። ግቢው ሙሉ ነው። ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ ነካ አደረገ። ገጹ መጣ። ሌላ ነካ። መጣ። ማሽኑን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፤ ዝም ብሏል። ደስ ያለው አይመስልም ነበር፤ ሊጥለው የመጣው ዕቃ ደኅና ሲሆን ሰው ይከፋዋል።

«ባለፈው ሳምንት ግን በዚህ ማሽን ምክንያት ሰዎች ፈተና አምልጧቸዋል» አለ። «እንዲህ ያለ አደጋ የሚያመጣ ነገር ይዘን እንቀጥል?»

የማንኩሳዋ ሴት ለሚቀጥለው ፈተና የሚሆናትን ልትወስድ መጥታ ዛፉ ሥር ነበረች። ሰማች። ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«ያመለጠኝ እኔ ነኝ፣ ጌታው!»

«ታዲያ ይነሣልሽ?»

«ኧረ የኛ ዳኛ! የረሳ ይህ ቀይ ዓይን፣ የሚታሰር ማሽኑ? ማሽኑን ወስደው ለኔ እሱን ሊተዉልኝ ነው?»

ግቢው ሳቀ። ኮሚቴውም ሳቀ። ኃላፊው ብቻ አልሳቀም፤ «በሉ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ለጊዜው ይቀመጥ» አለ። ጸሐፊው ጻፈ። ኮሚቴው ፈረመ። ከዚያ «የማሽኑ ጠባቂም ይፈርም» ተባለና ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ። ከወረቀቱ ጋር የጣት ቀለሙ አብሮ መጣ። ማንም ጠይቆኝ አይደለም። ጥበቃ ስለሆንሁ ነው።

ቀለሙን በክንዴ ገፋ አደረግሁት። ወረቀቱን አንሥቼ በጣቴ እየተከተልሁ ጮክ ብዬ አነበብሁ። እዘገያለሁ፤ ጠበቁኝ። «በጥበቃው ቸልተኝነት ምክንያት የተሳሳተ ቀን ለሕዝብ ደርሷል። ባለሙያው ባደረገው ማሻሻያ ችግሩ ተፈቷል።»

«ልክ አይደለም» አልሁ።

«የትኛው?» አለ ጸሐፊው።

«የመጀመሪያው ልክ ነው። ቀኑን ያበላሸሁ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ነው ልክ ያልሆነው።»

ባለሙያው ጫማውን ያይ ነበር።

«ጋሼ፣ ቃል ነው እኮ፣ ምን ልዩነት አለው? ይፈርሙና እንሂድ» አለ ኃላፊው።

«ማሳዬን የወሰደው ቃል ነው።»

እትዬ በጆሮዬ «ይፈርሙ በቃ፤ እንዳያነሡት» አሉኝ። ፈርተው ነው፤ ኃላፊውም ወዲያው «ካልፈረሙ ቃለ ጉባኤው አልጸደቀም። ማሽኑ ይነሣል» አለ። ማሽኑን አየሁት። ግቢውን አየሁ። ሴትዮዋ ስልኳን ይዛ ቆማለች። ለአንድ አፍታ ልፈርም ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ታየኝ።

«ልጠይቅህ» አልሁት ባለሙያውን። «ወረቀቱ ላይ የረገጠው አንተ ነህ ከተባለ፣ ነገ አንድ ማስታወቂያ ሲታረም ማን ይጠየቃል?»

«እኔ ነዋ።»

«አንተ የት ነህ?»

እንደገና ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«ፓስወርዱም ወደ አንተ ይመለሳል። የተከፈተው ጆንያ ባሕር ዳር ሄዶ ተረግጦ እስኪመጣ ይችን ሴት ስንት ሐሙስ ላመላልሳት ነው?» ወደ ኃላፊው ዞርሁ። «ጥፋቱን ለእኔ፣ ሥራውን ለእሱ አድርጋችሁ የጻፋችሁትን አልፈርምም። ወይ ሁለቱም የእኔ ይሁን፣ ወይ ሁለቱም የእሱ። ማሽኑን ካነሣችሁም፣ ደኅና ማሽን አነሣን ብላችሁ ጻፉና እዚያ ላይ በደስታ እፈርማለሁ።»

«ሁለቱም የአንቱ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብዎታል። ትእዛዝም አልፈጸሙም ተብለዋል።»

«ይጻፍ። ብቻ ልክ አድርጋችሁ ጻፉት።»

በመጨረሻ ባለሙያው፣ ከጫማው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «እሳቸው ናቸው የሠሩት» አለ። ድምፁ ትንሽ ነበረች፤ ግን ወጣች። ለዚያች ድምፅ አከብረዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ላለው ግን ገና ነኝ።

ጸሐፊው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሰርዞ ከላዩ ጻፈ። እንደገና አነበብሁት። ከዚያ ብዕሩን ተቀብዬ ስሜን በሙሉ ጻፍሁ፤ የእኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴን። አንዱንም ፊደል አልዘለልሁም። ቀለሙ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ደረቀ።

ማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰኝ። ሁለት ጥፋት ቆጥሮብኛል፤ ሁለቱም የእኔ ናቸው። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። እትዬ «ያንሡት፣ ያሳፍራል» ይሉኛል። አላነሣም። አንብቤ የተቀበልሁት ወረቀት አያሳፍረኝም።

ማሽኑ አለ። አሁንም አሮጌ ነው፤ አሁንም ዝም ብሎ አንሥቶ ይሰጣል። ባለሙያው ማስታወቂያ ሲታረም እየደወለ «ጋሼ፣ ይርገጡልኝ» ይላል። ይርገጡልኝ ነው የሚል፤ ቃሉን ከእኔ ወስዷል፣ ይውሰድ። ሴትዮዋም ገበያ ወጥታ ስትመጣ በሩ ላይ ሳትቆም አታልፍም። ሰላምታ አትሰጠኝም። ስልኳን ከፍታ ወደ ገጹ ግርጌ ትወርድና ቀዩን ቀን ጮክ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ እኔን ትክ ብላ እያየች ታነባለች። ልክ ከሆነ ትገባለች። እስከ ዛሬ ልክ ሳይሆን አላገኘችውም። ቢሆንም ታነባለች። እኔም እስክትጨርስ በሩን ይዤ እቆማለሁ።